የአገርን ታሪክ ለልጆች በቤት ስለ ማስተማር

ከምዕራብ ጎጃም፣ ይልቁንም ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ አካባቢ ያሉ ወላጆች ደጋግመው አንድ ነገር ይጠይቁናል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀው መክረማቸው የታወቀ ነው። በዚህ ጊዜ እናትና አባት በቤታቸው ልጆቻቸውን ሰብስበው ፊደል ያስቆጥራሉ፤ ከፊደል ያለፈውንም ንባብና ሒሳብ ያስጠናሉ፤ ከየኔታ ዘንድ የሚውለው ልጅም ዳዊቱን ይደግማል። የአገር ታሪክ ለማስተማር በተነሡ ጊዜ ግን ብዙዎቹ ይቸገራሉ። «መጽሐፉ በእጃችን የለም፤ እኛም የተማርነውን ረስተነዋል፤ ደግሞስ ስለ ገዛ አገራችን ስለ ጎጃም የተማርነው ምን ያህል ነበረ?» ይላሉ።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ስንሰጥ የምናስቀድመው በመጽሐፈ ኢያሱ የተነገረውን ነው። እስራኤል ዮርዳኖስን በተሻገሩ ጊዜ ከወንዙ መካከል ዐሥራ ሁለት ድንጋዮች አንሥተው በጌልገላ እንዲያቆሙ የታዘዙት፣ ወደ ፊት የሚወለዱ ልጆች ስለ ድንጋዮቹ ምንነት አባቶቻቸውን በጠየቁ ጊዜ አባቶች የሚመልሱት ነገር እንዲኖራቸው ነበር። እንግዲህ ሥርዓቱ አስቀድሞ ድንጋዩ፣ ቀጥሎ የልጁ ጥያቄ፣ ከዚያ በኋላ የአባት መልስ መሆኑን እናስተውላለን። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው እንጀምራለን፤ ልጁ ምንም ሳያይና ምንም ሳይጠይቅ የነገሥታትን ስምና የዘመናትን ቍጥር እናስጠናዋለን፤ እርሱም እንደ ሸክም ተሸክሞት ቆይቶ ፈተናው ሲያልፍ ይጥለዋል። መጽሐፍ የሌለው ቤት በዚህ ረገድ ያን ያህል የተጎዳ አይደለም። ድንጋዮቹ በደጃፉ ናቸውና።

በፍኖተ ሰላም ለሚያድግ ልጅ የመጀመሪያው ድንጋይ የከተማው ስም ነው። ፍኖት በግእዝ መንገድ ማለት እንደ ሆነ ዳዊት የደገመ ልጅ ራሱ ያውቀዋል። ስለዚህ «ለምን የሰላም መንገድ ተባለ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ከተማዪቱ ቀድሞ ወጀት ትባል እንደ ነበረች፣ የአሁኑንም ስም ያገኘችው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ በዚህ በኩል ባለፉ ጊዜ እንደ ሆነ አረጋውያን ይናገራሉ። ይህን ያህል ከተነገረው ልጁ ቀጥሎ «ከየት መጡ? ወዴትስ ይሄዱ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል፤ ታሪኩም በዚያ ይከፈታል።

ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል የሱዳንን ወሰን ተሻግረው ወደ አገራቸው ገቡ። ከዚያ አስቀድሞ በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ኮሎኔል ሳንድፎርድ የሚባለው እንግሊዛዊ ጥቂት ሰዎች ይዞ ወደ ጎጃም ደጋ ወጥቶ ከአርበኞች ጋር ተገናኝቶ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በበለያ ተራራ ሰንብተው ሳሉ በዊንጌት የሚመራው፣ ኢትዮጵያውያንና ሱዳናውያን ወታደሮች የሚበዙበት ጦር፣ ከአርበኞች ጋር ሆኖ ወደ ቡሬ ገሠገሠ። የዚህ ጦር ስም ጌዴዎን ይባል ነበር። መጽሐፈ መሳፍንትን የሰማ ልጅ ይህ ስም ለምን እንደ ተመረጠ ለማወቅ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ጌዴዎን በሦስት መቶ ሰዎች የምድያምን ብዙ ሠራዊት እንደ ገጠመ ሁሉ፣ ይህም ጦር በቍጥር እጅግ የሚበልጠውን የኢጣልያን ጦር ሊገጥም የሄደ ነበርና። የጠላት ጦር በየካቲት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ቡሬን ለቆ ወደ ደምበጫ ሲያፈገፍግ፣ በመንገዱ ላይ ሰፍሮ ከነበረው ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጦር ጋር ተገናኝቶ ብርቱ ውጊያ ሆነ፤ ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው ወደቀ። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 27 ቀን ደግሞ አዲስ አበባ ገቡ።

ይህን ታሪክ ለማስተማር የሚያስፈልገው ካርታ ልጁ በእግሩ የሚያውቀው መንገድ ነው። ቡሬ፣ ማንኩሳ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ጅጋ፣ ደምበጫ፣ ከዚያም ደብረ ማርቆስ፤ ዛሬም አውቶቡስ የሚሄድበት ያው መስመር ነው። ልጁ በወረቀት ላይ መስመሩን ይሣለው፤ አክስቱ የምትኖርበትን፣ አባቱ በሬ የገዛበትን ገበያ፣ ቤተ ሰቡ ለንግሥ የሚሄድበትን ደብር ምልክት ያድርግበት፤ በመጨረሻም ጦሩ የተጋጠመበትን ያክልበት። እንዲህ ሲሆን የ1933 ዓ.ም. ጦርነት በሩቅ አገር የሆነ ነገር መሆኑ ይቀርለታል።

ስለ ቀን አቈጣጠርም አንድ ነገር እንጨምር። ለክርስቲያን ቤተ ሰብ ቀንን ማስታወስ እንደሚባለው አስቸጋሪ አይደለም። ጥር 12 የጥምቀት ማግሥት፣ ቃና ዘገሊላ ነው። መጋቢት 28 አማኑኤል፣ ሚያዝያ 27 መድኃኔ ዓለም ነው። የዐድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በጊዮርጊስ ዕለት እንደ ሆነ ሕፃናት ሁሉ ያውቃሉ፤ ሌላውንም በዚሁ መንገድ ቢይዙት አይጠፋባቸውም። የፈረንጅን ቀን ወደ እኛ፣ የእኛንም ወደ ፈረንጅ መለወጥ ደግሞ ለትልልቆቹ መልካም የሒሳብ መልመጃ ይሆናል።

ከንጉሠ ነገሥቱ መመለስ በፊት ያለው አምስት ዓመት ግን ከመመለሳቸው ይልቅ ሊነገር የሚገባው ነው። በምዕራቡ ጎጃም ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ በብቸና በኩል ደግሞ በላይ ዘለቀ ጠላትን ሲያስጨንቁ እንደ ኖሩ በመጽሐፍም ተጽፏል፤ በመንደርም ይነገራል። ያልተጻፈው ስንቅ ያቀበለችው፣ ቍስለኛ የደበቀችው፣ ባሏ በዱር ሳለ ከልጆችዋ ጋር እርሻውን ያረሰችው ሴት ታሪክ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው በየቤቱ አለ፤ ወይም እስከ ቅርብ ጊዜ ነበረ። ልጁ አያቱን «በጠላት ጊዜ እናትዎ ምን ይበሉ ነበር? የት ነበር የተደበቁት?» ብሎ ይጠይቅ። አያት የሚነግሩት ነገር በቀን ላይስማማ ይችላል፤ ስለዚህ የሰማውን ይጻፍ፤ ከሌላ ሽማግሌም ይጠይቅ፤ ሁለቱ የሚስማሙበትንና የሚለያዩበትን ለይቶ ይያዝ። የታሪክ ጸሓፊ ሥራ ከዚህ የተለየ አይደለም።

አሁን አስቸጋሪ ወደ ሆነው ክፍል እንግባ። ብዙ ወላጆች ለልጆቻቸው የሚነግሩት ድሉን ብቻ ነው፤ የሚያሳፍረውንና የሚያሳዝነውን ዘለውት ያልፋሉ። ነገር ግን የጎጃም ታሪክ ሳይዘለል ከተነገረ ከባድ ነገር አለበት። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ጦር መርተው በዐድዋ ዘመቱ፤ ልጃቸው ራስ ኃይሉ ደግሞ በ1924 ዓ.ም. ከልጅ ኢያሱ ማምለጥ ጋር በተያያዘ ነገር ተከሰው ከታሰሩ በኋላ፣ ጠላት አገሩን በያዘ ጊዜ ከጠላት ጋር ሆኑ። አባትና ልጅ፣ ያው አንድ ወራሪ፣ ሁለት የተለያዩ መንገዶች። በላይ ዘለቀም አምስቱን ዓመት በአርበኝነት ከተጋደለ በኋላ፣ በጥር 1937 ዓ.ም. በተመለሰው በገዛ መንግሥቱ ዘመን በስቅላት ተቀጣ። ይህን ለልጅ እንዴት እንነግረዋለን?

እኛ የምናምነው ልጁ ወደ ዐሥር ዓመት ገደማ ከደረሰ ሊነገረው እንደሚገባ ነው። ቅዱስ መጽሐፍ የዳዊትን ኃጢአት አልሰወረም፤ የጴጥሮስንም ክህደት ከቅዳሴው ወንበር ላይ ሆነን በየዓመቱ እናነበዋለን። ለልጆቻችን ዳዊትን ስናስደግም ዳዊት ምን እንዳደረገ ያልነገርናቸው እንደ ሆነ፣ መዝሙረ ንስሐውን ለምን እንዳለቀሰው አይገባቸውም። እንደዚሁም የጎጃምን ሰው ሁሉ ጀግና አድርገን ብንነግራቸው፣ በኋላ እውነቱን ከሌላ አፍ በሰሙ ጊዜ የነገርናቸውን ሁሉ ይጠራጠሩታል። ይህ ሲባል ግን ወላጅ ዳኛ ሆኖ ፍርድ ይስጥ ማለት አይደለም። የሆነውን ይናገር፤ «ራስ ኃይሉ ይህን ለምን አደረጉ ትላለህ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ልጁ የሚመልሰውንም በትዕግሥት ይስማ። ልጆች አንዳንድ ጊዜ ከእኛ ይልቅ የተመዛዘነ ፍርድ አላቸው።

በዚህ ረገድ የአንድ ሰው ሕይወት ለልጆች ቢነገር ከብዙ ስብከት ይሻላል እንላለን፤ እርሱም አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ነው። የጎጃምን ታሪክ በአማርኛ ጽፎ ያቈየልን ይህ ሰው በትውልዱ የጎጃም ሰው አልነበረም። ከዓባይ ማዶ ከኦሮሞ ቤተ ሰብ ተወልዶ፣ በልጅነቱ የጎጃም ሠራዊት ወደዚያ በዘመተ ጊዜ ተማርኮ መጣ። በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን በጎጃም አደገ፤ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተማረ፤ ሠዓሊ ሆነ፤ ከአረጋውያን አፍ እየጠየቀ የነገሥታቱን፣ የመኳንንቱንና የባላገሩን ትውልድ ሰብስቦ ጻፈ። መጽሐፉ ለብዙ ዘመን በእጅ ጽሕፈት ኖሮ በእኛ ዘመን በአገር ውስጥም በውጭ አገርም ታትሟል። ወላጆች ሊያገኙት ቢችሉ ለራሳቸው ያንብቡት፤ ለሕፃናት ግን ጠንከር ያለ ነው።

ስለዚህ ሰው ስናስብ ልጆች ሊጠይቁት የሚገባ ጥያቄ አለ። በምርኮ ከእናቱ እቅፍ የተነጠቀ ሕፃን አድጎ የማራኪዎቹን አገር ታሪክ ጻፈ። በልቡ ምን ነበረ? እናቱስ ምን ሆነች? መልሱን ማንም ሊያውቀው አይችልም፤ ጥያቄው ግን ልጁን ከዓባይ ወዲያ ማዶ ላለው ሰው እንዲያዝን ያደርገዋል። በዚያ ዘመን ጎጃምና ሸዋ ከዓባይ በስተ ደቡብ ስላለው አገር ይወዳደሩ ነበር። ራስ አዳል ተሰማ በጥር 1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ እጅ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ሆነው ነገሡ፤ በግንቦት 1874 ዓ.ም. በእምባቦ ከምኒልክ ጦር ጋር ተዋግተው ቈስለው ተማረኩ። የምኒልክን ጦር በግንባር ከመሩት አንዱ ራስ ጎበና ዳጬ፣ እርሳቸውም ኦሮሞ ነበሩ። እምባቦ ዛሬ በሆሮ ጉድሩ ወለጋ ውስጥ ናት። የጎጃምና የሸዋ ነገሥታት ተዋጉ ስንል በማን እርሻ ላይ እንደ ተዋጉ መናገርም ይገባል።

ከዚህም በቀር የቡሬ ልጅ ከተማው ወደ ወለጋ በሚሻገር የንግድ መንገድ ላይ እንደ ኖረ ሊያውቅ ይገባዋል። በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ከዓባይ ማዶ ወርቅ፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ማር ወደ ጎጃም ገበያዎች ይመጣ ነበር፤ በየጁቤ በባሶ ገበያም ከዚሁ ጋር ሰው ይሸጥ ነበር። ይህን ለልጆቻችን ብንነግራቸው አገራችንን አናዋርድም። ባርነት በአዋጅ ፈጽሞ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ሩቅ ዘመን አይደለም። ዛሬ ከቡሬ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ የቆመ ልጅ ይህን ሁሉ በአንድ እይታ ሊያስበው ይችላል።

እንዲያውም ጎጃም አንድ ሥር ብቻ ያለው ዛፍ አይደለም። ዳሞት የሚለው ስም ቀድሞ ከዓባይ በስተ ደቡብ ያለ አገር ስም ነበረ፤ በዐሥራ ስድስተኛውና በዐሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት በነበረው የሕዝብ መንቀሳቀስ ሰዎቹ ወንዙን ሲሻገሩ ስማቸውን ይዘው ተሻገሩ። የአገው ሕዝብ በዚህ ምድር ከሁሉ ቀድሞ የነበረ ነው፤ አውኝ ዛሬም ከፍኖተ ሰላም ብዙ ሳይርቅ በአዊ ምድር ይነገራል። የገበያና የወንዝ ስሞችን ትርጕም በአማርኛ ፈልጎ ያጣ ልጅ በአውኝ ወይም በኦሮምኛ ይፈልገው። በገበያ ቀን ከባንጃ ወይም ከእንጅባራ የመጣ ነጋዴ ባገኘ ጊዜ በትሕትና ቢጠይቅ ብዙ ይማራል።

ወደ ውኃው እንመለስ። በሰከላ ያለችው ግሽ ዓባይ ለዚህ አገር ልጆች የቅርብ ቦታ ናት። በአበው ትምህርት ዓባይ ከገነት ከሚወጡት ከአራቱ አፍላጋት አንዱ ግዮን ነው፤ ምንጩም ጸበል ሆኖ ምእመናን ከየአገሩ ይሄዱበታል። በትምህርት ቤት መጻሕፍት ግን ብዙ ጊዜ «የዓባይን ምንጭ ያገኘው» ተብሎ የአንድ ፈረንጅ ስም ይጻፋል። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው የካቶሊክ መነኵሴ በ1610 ዓ.ም. ከዐፄ ሱስንዮስ ሠራዊት ጋር ሆኖ ምንጩን አየ፤ ጄምስ ብሩስ የሚባለው ስኮትላንዳዊም በ1763 ዓ.ም. መጥቶ አየና ከእርሱ በፊት ማንም አውሮጳዊ እንዳላየው አድርጎ ጻፈ። ሁለቱ ፈረንጆች የተከራከሩበትን ምንጭ የግሽ እረኛ ከብቱን ሲያጠጣበት ኖሮ ነበር። ንጉሡም ቢሆን ፓኤዝን ይዘው የሄዱት መንገዱን የሚያውቅ ሰው ስለ ነበረ ነው። ማየትና ማግኘት አንድ እንዳልሆኑ ለልጅ ለማስረዳት ከዚህ የቀለለ ምሳሌ አይገኝም።

ከዚሁ ጋር የምድርን አቀማመጥ ማስተማር ይቻላል። ከግሽ የሚነሣው ውኃ ግልገል ዓባይ ሆኖ ወደ ሰሜን ወርዶ ወደ ጣና ይገባል፤ ከጣናም ወጥቶ በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ ጎጃምን እንደ መቀነት ይከባል። የብር ወንዝ ደግሞ ጣናን ሳያይ ወደ ደቡብ ወርዶ ከዓባይ ይገናኛል። ስለዚህ በአንድ ደጋ ላይ ወድቀው የተለያዩ ሁለት የዝናብ ጠብታዎች፣ አንዱ ሩቅ ዞሮ ሌላው በአጭሩ ሄዶ፣ ከብዙ ቀን በኋላ በአንድ ሸለቆ ይገናኛሉ። ሁለቱም በመጨረሻ የሚደርሱት ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው በጉባ ግድብ ነው። በክረምት ዝናብ ሲዘንብ ከጣሪያው የሚወርደውን ውኃ እያሳዩ ይህን መናገር ለሕፃናት እጅግ ደስ ያሰኛል።

ስለ ደብራችን ደግሞ። የታሪክ መዝገብ በመንግሥት ቤት ብቻ የሚገኝ የሚመስላቸው አሉ፤ በጎጃም ግን ዋናው መዝገብ ቤት ቤተ ክርስቲያን ናት። በብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የመሬት ስጦታ፣ የሰጪው ስም፣ የምስክሮቹ ስምና እርግማኑ ሳይቀር ተጽፎ ይገኛል። ይህን ለማየት ከደብሩ አለቃ ፈቃድ መጠየቅ ይገባል፤ የማይፈቀድም ቢሆን አለቃው በቃል ሊነግሩን ይችላሉ። የኔታንም «ቅኔ ከማን ተማሩ? የመምህርዎስ መምህር ማን ነበሩ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ዋሸራና ጎንጅ የቅኔ ምንጮች ሆነው በኢትዮጵያ ሁሉ የታወቁት በጎጃም ነው፤ የመምህራኑ ሐረግ ሦስት አራት ትውልድ ወደ ኋላ ሲቈጠር የዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ይደረሳል። የአንድ ደሳሳ ጎጆ ታሪክ ከቤተ መንግሥት ታሪክ ጋር እንዴት እንደሚያያዝ ልጁ በዚህ ያያል።

ዕድሜያቸው ከፍ ላሉት ልጆች ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ማታ ማታ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ መልካም ነው። ወላጆች ብዙዎቹ በሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ሲተረክ ሰምተውት ይሆናል። ታሪኩ የሚጀምረው እዚሁ በማንኩሳ ነው፤ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲሄዱ በመካከል ያለችው ማንኩሳ። በዛብህን ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት ልጅ መሆኑ፣ የቅኔ ተማሪ ኑሮ፣ የባላባትና የጭሰኛ ነገር፣ ሁሉም ደራሲው በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስና በዲማ ሲማሩ ካዩት የመጣ ነው። ልብ ወለድ ታሪክ እንዳይደለ ግን ለልጆች መንገር ያስፈልጋል፤ «ይህ በእውነት ሆኗልን? የትኛውስ ሊሆን ይችል ነበር?» እያሉ መለየትን ይለማመዱ። ለቤተ ክህነት ሰው የሚያሻክር ነገር በመጽሐፉ ውስጥ አለ፤ እኛ ግን አንብቦ መነጋገር ከመሸሸግ ይሻላል እንላለን።

መጽሐፉ በታተመ በሁለት ዓመቱ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የጎጃም ባላገር አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር ተቃውሞ ተነሣ፤ በብቸናና በሞጣ ብቻ ሳይሆን በዳሞትም። መንግሥት ጦር ላከ፤ ኋላም ግብሩን ተወው። ያን ጊዜ ዐሥራ ሁለት ዓመት የሆነው ልጅ ዛሬ ሰባ ዓመት ሆኖታል፤ ከጎረቤት ተቀምጦ ይሆናል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ደግሞ ወጣት ነበረ። ከእርሱ ቤት የግብር ደረሰኝ፣ የድሮ መታወቂያ፣ የክርስትና ምስክር ወረቀት ቢገኝ በአንዱ «ጎጃም ጠቅላይ ግዛት»፣ በሌላው «ጎጃም ክፍለ ሀገር»፣ በቅርቡ ላይ ደግሞ «ምዕራብ ጎጃም ዞን» የሚል ይነበባል። ሦስቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ልጅ ሦስት መንግሥታትን አየ ማለት ነው። ሽማግሌው ወረቀቱን ማውጣት ባይፈልግ አያስጨንቁት፤ ወረቀት በዚህ አገር ሰውን የጎዳበት ዘመን ነበረና።

ከወላጆች ጥያቄ ሁሉ የከበደን የመጨረሻው ነው። ልጆች ስለ አሁኑ ጦርነት ይጠይቃሉ። ማን እንደ ጀመረው፣ ማን እንደሚያሸንፍ፣ ጎረቤታቸው ለምን እንደ ሞተ ይጠይቃሉ። እኛ በዚህ ገጽ ላይ ፍርድ ልንሰጥ አንችልም፤ ወላጅም ለልጁ ፍርድ ለመስጠት አይቸኩል። ልጁ ደብተሩን ይያዝና ያየውን ይጻፍ፦ ትምህርት ቤቱ የተዘጋበትን ቀን፣ የጤፍ ዋጋ በዚያ ሳምንት ስንት እንደ ነበረ፣ መንገድ የተዘጋበትን፣ ቀብር የተሄደበትን፣ ጥምቀት እንዴት እንደ ተከበረ። የሰማውን «ሰማሁ»፣ ያየውን «አየሁ» ብሎ ይለይ። የሰው ስም ከመጻፍ ግን ይቈጠብ፤ ደብተሩም በቤት ይቀመጥ እንጂ ለሌላ አይታይ። ወሬ ከስልክ ስልክ የሚሮጥበት ዘመን ስለ ሆነ፣ አንድ ልጅ በእጁ የጻፈው ቀን የተጻፈበት ወረቀት ዋጋው ትልቅ ነው። በ1933 ዓ.ም. ቡሬ ላይ የነበረ አንድ ሕፃን እንዲህ ያለ ደብተር ትቶልን ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስንት ነገር ባወቅን ነበር።

በልጅ ፊት ስለ አንድ ሕዝብ ወይም ስለ አንድ ሃይማኖት ክፉ ቃል መናገር ግን በዚህ ጊዜ እጅግ አደገኛ ነው። ልጁ የእናቱን ጥያቄ ባይሰማም የአባቱን እርግማን ይሰማል። ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. ጎጃምን ለመቅጣት ሠራዊት ይዘው መጥተው አገሩን አስጠፉት፤ በዚያው ዓመት በመጋቢት በመተማ ለሃይማኖታቸውና ለአገራቸው ሞቱ። ከአንድ ዓመት በፊት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በሳር ውኃ ከደርቡሾች ጋር ተዋግተው ተሸነፉ፤ ጎንደርም ተቃጠለች። የጎጃም ሰው በእነዚያ ጥቂት ዓመታት በወንድሙም በባዕድም እጅ ተጎዳ፤ ክፉው ቀን የሚባለው ረኃብም ተከተለ። ይህን የሚያውቅ ልጅ መከራ ከአንድ ወገን ብቻ የሚመጣ አይመስለውም።

ስንት ጊዜ ይማሩ ለሚሉን፣ በሳምንት ሁለት ቀን አንድ አንድ ሰዓት ይበቃል፤ ከዚያ የበዛ እንደ ሆነ ልጅ ይሰለቻል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በመንገድ ሲመጡ የሚነገረው ግን በሰዓት አይቈጠርም። ታናናሾቹ ይሣሉ፤ መካከለኞቹ ይጻፉ፤ ታላላቆቹ ሽማግሌዎችን ይጠይቁ፤ ሁሉም በአንድ ደብተር ላይ ይሥሩ። ትምህርት ቤቱ በተከፈተ ጊዜ፣ የአሁኑን ጦርነት የያዘውን ክፍል በቤት አስቀርተው፣ የቀረውን ወስደው ለመምህራቸው ያሳዩት፤ ከአንድ ክፍል ሠላሳ ልጆች ሠላሳ ደብተር ይዘው ቢመጡ መምህሩ የጃቢ ጠህናንን፣ የቡሬንና የሰከላን ታሪክ ከዚያ ሊጀምር ይችላል።